የሁዳዴ ቋሊማ

«ጾመኛው ውቤ፣ የረቡዕ የዓርቡ፣
ለሥጋ ያልሳሳ፣ ለነፍስ ነው ረሃቡ!»

አልቃሿ እማማ አሰለች ይህን ብለው ደረታቸውን ሲደቁ የድንኳኑ ሰው ሁሉ አብሯቸው አነባ። ቢሆነኝ ብቻ ሳቀ። ቶሎ ብሎ ወደ ሳል ሊለውጠው ሞከረ፤ ሳቁ ግን ቀድሞ አምልጦታል። የሟች ሚስት ሰብሌ ደግሞ አይታዋለች።

ውቤ ፈረንጅ በበቅሎ እየጫነ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም፣ ሲመቸው እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚያደርስ ሰው ነበር። ቢሆነኝ ደግሞ በየጉዞው አብሮት እየሄደ ለእንግዶቹ የሚያበስል ጓደኛው ነው። ሰብሌ በዓይኗ ጠቀሰችውና ንፍሮው ወደሚንተከተክበት ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ምን አሳቀህ?»

«ኧረ እኔ አልሳቅሁም። ጭሱ ነው።»

«ጭስ ያስቃል?»

«የባሕር ዛፍ ሲሆን፣ አንዳንዱን ሰው…»

«ቢሆነኝ! ባሌን የቀበርሁት ትናንት ነው።»

ቢሆነኝ ባርኔጣውን አውልቆ በጣቶቹ ያሽከረክረው ጀመር።

መቼም ውቤ ሲዋሽ ለጉድ ነበር። በቅሎዬ ፈረንሳይኛ ትሰማለች፤ የማትመልሰው ጭነት እንዳይበዛባት ነው ይላል። አንድ ሌሊት አሸተን አናት ላይ ዝናብ ያበሰበሰውን ጋቢ ጨረቃ ላይ አስጥቶት፣ ጨረቃዋ ስትጠልቅ ይዛበት ሄደች። «ይኸው እስከ ዛሬ ብርድ የሚመታኝ ለዚያ ነው» ብሎ ይንቀጠቀጣል። ሰብሌ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ፣ «እኔ ብቻ መሰልሁሽ የምከሳው? ጥላዬም ይከሳል» ይላታል። ቦርጩ በሁዳዴም እንዳማረበት ነው፤ ግን እሷ ልብ አላለችውም። የበቅሎዋም የጨረቃውም ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ መሃል እውነት ነው ብላ የያዘችው ጾሙን ብቻ ነበር።

«ንገረኝ» አለችው።

«ቋሊማ ነው» አለ ቢሆነኝ አንገቱን ደፍቶ። «ፈረንጆቹ የሚተርፋቸው በላስቲክ የታሸገ ቋሊማ አለ። ለኛ ይተዉልናል። እኔ ሽታው አይሆነኝም። ውቤ ግን…»

«በጾም?»

«በጾምም በፍስክም። መንገድ በወጣን ቁጥር።»

«ቤት ገብቶ ሽሮዬን ጥርግ አድርጎ የሚበላውስ?»

«እሱማ ስለሚወድሽ ነው።»

ሰብሌ የንፍሮውን ማማሰያ አነሳች። ቢሆነኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ኧረ ተይ እቴ! ደብቆ አልቀረም እኮ፤ ለነፍስ አባቱ ተናግሯል። ስግደት አዘውበታል።»

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ውቤ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ሲሰግድ ታየው ነበር። ባሌ ሊመንን ነው ብላ ፈርታለች። ጉልበቱ ሲያብጥ በኑግ ዘይት አሽታለታለች፤ ለጎረቤትም አውርታለች።

«ያ ሁሉ ስግደት ለቋሊማ ነው?»

ቢሆነኝ ጎንበስ ብሎ ማማሰያውን አነሳ። ነፍስ አባቱ ያውቃሉ፤ ቢሆነኝ ያውቃል፤ ፈረንጁ ያውቃል፤ ያቺ ፈረንሳይኛ ትሰማለች የተባለችው በቅሎም ሳታውቅ አትቀርም። ያላወቀችው አብራው የተኛችው ናት።

ይኼኔ ሐኪም ቤቱ ትዝ አላት። ሐኪሙ ውቤን አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ «ምን ታዘወትራለህ? ቋሊማ፣ የታሸገ ሥጋ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። የመለሰችው እሷ ናት። «እሱ? ዶክተርዬ፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም!» አለች ኮራ ብላ። «ሰገራህ ላይ ደም ካየህ ቆይቷል?» ሲለውም፣ «አሁን በቅርብ ነው» ያለችው ራሷ ናት። ውቤ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር።

«ደሙን መቼ ነው ያየው?» አለችው ቢሆነኝን።

«ከአምና በፊት። ሂድ ታከም ብየው ነበር። ‹ከሄድሁ ሰብሌ ትከተለኛለች። ምን ትበላለህ ሲሉኝ እሷ ፊት ምን እላለሁ?› አለኝ።»

ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ዳግማዊት ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሰብሌ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ሲስተር፣ ባሌን የገደለው ቋሊማ ነው?»

ዳግማዊት ግራ ቀኟን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰብልዬ፣ እሱ ነው ብዬ አልምልልሽም። ቋሊማ ሳያውቅ በዚሁ በሽታ የሚሞትም አለ። ግን ሥጋው ሳይበላሽ፣ ቀይ እንደሆነ እንዲቆይ የሚገባበት ጨው መሰል ነገር አለ። አንድ ቀን የቀመሰው ምንም አይሆንም። ዓመት ከዓመት ያዘወተረው ግን አንጀቱ ለካንሰር የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል።»

«ደሙን እንዳየ ቢመጣስ?»

ዳግማዊት መልስ ከመስጠቷ በፊት እጇን ያዘቻት። «ብዙዎቹ ቶሎ ሲመጡ ይድናሉ።»

ሰብሌ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ቋሊማውንስ ይብላ። እሷን ፈርቶ መሞቱ ግን እንዴት ይዋጣል? አውሬ ነበረች እንዴ?

እማማ አሰለች ከወዲያ አዩአት። «ልጄ፣ ለነገው ሰልስት የጾሙን ግጥም ትንሽ ላስረዝመው?»

«ጾሙን ይተዉት እማማ።»

«ምነው? ያማረው እኮ እሱ ነው።»

«ቀልዱን ያንሱ። ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው» አለችና ወጣች።

ቢሆነኝን ጠይቃ ወደ በቅሎዋ ጋጣ ሄደች። እንደነገራትም የተረፈው ቋሊማ ከኮርቻው ሥር ነበር። ላስቲኩን በጥርሷ ዘነጠለችው። ሥጋው ዛሬ የታረደ ይመስል ቀይ ነው። «እንካ!» ብላ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። የውቤ ውሻ ከጭዱ ውስጥ ዘሎ ወጣና አንዱን አፈፍ አደረገ።

«ትፋ!»

ውሻው ነክሶ አጠበቀ። ሰብሌ በጉልበቷ ወድቃ መንጋጋውን ፈልቅቃ ግማሹን አወጣችው። ግማሹ ገብቷል። ውሻው ጆሮውን ጥሎ በዓይኑ ሽቅብ አያት።

«ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?» አለችው። «እጮህብህ ነበር። ምድር ቀውጢ እስክትሆን እጮህብህ ነበር። ከዚያ እኔው ይዤህ እሄድ ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው እንደገና ተነሳ። ሰብሌ የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና፣ ከውሻው አፍ ዙሪያ ያለውን ስብ ቀስ እያለች ጠረገችለት።