የወፍ ድርሻ

ጠላት ያበዛብኝ ሩዜ ከሁሉ ቀድሞ መድረሱ ነው። የሰው በቆሎ ገና ጢም ሳያወጣ፣ ማሽላው ገና ሳይዘረዝር፣ የእኔ ሩዝ ዳገቱ ላይ ፍሬ ይዞ አንገቱን ደፋ። በአካባቢው ፍሬ የያዘ ማሳ የእኔ ብቻ ስለነበር የግሪሳ ወፍ ተጠራርቶ እኔው ላይ ሰፈረ። እንደ ደመና ይመጣል፣ ያርፋል፣ ማሳው ይጠቁራል።

መሬቱ ውሃ የማይወጣበት ዳገት ነው። ዝናብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚነደው እሱ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የዘራሁበት ሁሉ ገለባ ሆኖ ቀርቷል። ዋርሳዬ፣ የባሌን እህት ማለቴ ነው፣ ጡብ ለሚሠራ ሰው ልትሸጠው ቋምጣለች። እሷ ታች ሜዳው ላይ የራሷ ማሳ አላት፤ የእኔን ዳገት የምትፈልገው ግን እኔ ስለያዝኩት ነው። አማቴ የሁለታችን ጭቅጭቅ ሲሰለቻቸው፣ ሩዙን ከመዝራቴ በፊት አንድ ቀን ቤታቸው ጠርተው ፊት ለፊት አስቀመጡን።

«ዘንድሮ ከዚያ መሬት ለከርሞ የሚሆን ዘር አውጥተሽ ካሳየሽኝ ያንቺ ነው» አሉኝ። «ካላሳየሽኝ የእሷ ነው። ከዚህ በኋላ ጆሮዬን ተዉልኝ።»

«አባዬ ደግሞ! ያ መሬት ድንጋይ እንጂ ዘር ይወልዳል?» አለች ዋርሳዬ።

«ድንጋይም ቢወልድ ስም የማወጣለት እኔ ነኝ» አልኳት።

በማግስቱ ወደ ዝርያ ማሻሻያው ጣቢያ ሄድኩ። ለድርቅ የሚሆን ሩዝ ያዳቅላሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ጣሪያው ብርሃን በሚያስገባ ረጅም ቤት ውስጥ ሩዝ በባልዲ በባልዲ ተተክሏል። ግማሹ ለምለም፣ ግማሹ እሳት የላሰው ይመስላል። አንዳንዱ ራሱ ላይ የወረቀት ከረጢት አጥልቀውለታል። ባለሙያው ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ በትንሽ መቀስ የአበባውን ወንዴ እየለቀመ ያወጣል።

«ይሄን ምነው ውሃ ነፈጋችሁት?» አልኩት የደረቀውን እያሳየሁ።

«እንዲሞት ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «ሳይሞት የቀረውን ነው የምንፈልገው።»

እኔንም እንደዚያው ነው ያሳደጉኝ ልለው ብዬ ተውኩት። የሚሰጠኝ ዘር ከምንና ከምን እንደተዳቀለ ጠየቅሁት። እናትየው ምርቷ ትንሽ ነው፣ ግን ሥሯን አርቃ ሰዳ ጥም ትችላለች። አባትየው ብዙ ያፈራል፣ ግን ውሃ ትንሽ ሲጎድልበት ይጠወልጋል። ከልጆቻቸው መካከል የሁለቱንም ደህና ደህናውን የወሰደ፣ ቶሎም የሚደርስ እስኪገኝ ዓመታት ሲመርጡ ኖረዋል።

«ይሄ እኮ የባሌ ቤተሰብ ነው» አልኩት። አልሳቀም። ዘሩን በጨርቅ ከረጢት ሰጠኝና፣ «ፍሬው ጥርስሽ ሥር ቀጭ እስኪል እንዳታጭጂ» አለኝ። «ወተት እንደያዘ ካጨድሽው ዘር አይሆንም፣ አይበቅልም።»

ዘራሁት። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የታች ሰዎች በቆሎ ቅጠሉን ሲጠቀልል የእኔ ሩዝ ቆመ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ወፉ መጣ። ወፍ ደግሞ የሚወደው ያንን ወተቱን ነው፤ ፍሬዋን ጭምቅ አድርጎ ይመጠውና ባዶውን ይተወዋል።

ማማ ሠርቼ ወጣሁ። ወንጭፍ እወነጭፋለሁ፣ ቆርቆሮ እደበድባለሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ እጮሃለሁ። በአንድ ጥግ ሳባርረው በሌላው ጥግ ይገባል። እንዲህ ስንገላታ ነው ሰዎቹ ዳገቱን የወጡት። ከፊት ጡሩምባ አለ። ጡሩምባ የምንለው ጎረቤቴን ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ማዶ ይሰማል። ከኋላው ማሳ ለማሳ የምንዋሰን ሁሉ፣ ከሁሉ ኋላ ደግሞ ዋርሳዬ፣ እጇን ወገቧ ላይ ሰክታ።

«ውረጂ!» አለኝ ጡሩምባ።

«ሥራ ላይ ነኝ። እዚያው ሆነህ ተናገር፤ አንተ ደግሞ አለመሰማት አትፈራም።»

«ይሄን ጉድሽን ዛሬውኑ እጨጂልን። ያገሩን ወፍ ጠርተሽ አመጣሽብን። ያንቺን ሲጨርስ ወደ እኛ ነው የሚወርደው።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ዋርሳዬ። «የታለ ያ ባለሙያሽ? አሁን መጥቶ ወፍ አይጠብቅልሽም?»

ዛሬ ማጨድ ማለት ዘር የማይሆን ገለባ መሰብሰብ ነው፣ መሬቱን ለእሷ ማስረከብ ነው። ይህን ጠንቅቃ ስለምታውቅ ነው የመጣችው።

«እሺ፣ ዛሬ አጨድኩት እንበል» አልኳቸው። «ወፉ ነገ ምን ይበላል? ርቦት ወደ ቤቱ የሚሄድ መሰላችሁ? የእኔ ሩዝ ቆሞ እስካለ ድረስ የእናንተን አይነካም። አስቡት እንጂ፣ ጭንቅላት ለኮፍያ ብቻ አልተሰጣችሁም!»

እርስ በርስ ተያዩ። ረታኋቸው ብዬ ልቤ ሞቅ አለ። ዋርሳዬ ግን ፈገግ አለች። እሷ ፈገግ ስትል መልካም ነገር መጥቶ አያውቅም።

«እውነቷን ነው» አለች። «የእሷ ቆሞ እስካለ የእኛን አይነካም። እንግዲያው ለምን ታባርረዋለች? ያባረረችው ወፍ የት ሊያርፍ ነው?»

በገዛ አፌ ተያዝኩ። ጡሩምባ ጣቱን ቀሰረብኝ፤ «ሰማሽ? አታጭጂም፣ አታባሪም! ዝም ብለሽ ይብላበት!»

«እናንተን ብሎ ጎረቤት! ውጡልኝ ከማሳዬ!» ብዬ ጓል ወነጨፍኩ። ጓሉ ማንንም አላገኘም። እንዲያገኝም ነበር የወነጨፍኩት።

ወረዱ፣ ግን አልሄዱም። እያንዳንዱ ከማሳው ዳር ሆኖ ድስት ክዳኑን፣ በርሜሉን፣ ያገኘውን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ቆርቆሮዬን ስመታ ወፉ ብር ብሎ ይነሳል፤ ታች ሲደርስ እነሱ በርሜሉን ይቀጠቅጡበታል፤ ወፉ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል። እንደገና እመታለሁ፣ እንደገና ይመልሱታል። በወፍ ኳስ ተጫወቱብኝ። ዋርሳዬ ከሁሉ በላይ በርትታ ትመታ ነበር፤ ለሠርግ እንዲህ አልደከመችም።

ለባለሙያው ደወልኩ።

«የሽቦ መረብ የላችሁም?»

«አለን። ለጣቢያው ነው፣ አይወጣም።»

«ዘራችሁ እዚህ እየተበላ ነው እኮ!»

«ለዘር የሚፈለገው የመሃሉ ነው። ዳር ዳሩን ለወፍ ተዪና መሃሉን ሸፍኚ» ብሎ ዘጋው።

ለእሱ ቀላል ነው። ዳር ዳሩ ማለት ልጆቼ እስከ ከርሞ የሚበሉት ማለት ነው። ማማው ላይ ተቀምጬ ማሳውን አየሁት፣ የልጆቼን ፊት አሰብኩ፣ ደግሞ መሬቱ ላይ የጡብ ምድጃ ሲጨስ ታየኝ። ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ያለኝን ጨርቅ ሁሉ አወጣሁ። ከአልጋዎቹ ላይ አጎበሮቹን ፈታሁ። መጋረጃውን፣ አንሶላውን፣ የክት ቀሚሴን ሳይቀር ተሸከምኩ። ከመሃል ያለውን ሩዝ ዙሪያውን እንጨት ተክዬ በአጎበሩ ሸፈንኩት፣ የጎደለውን በአንሶላና በቀሚስ ሞላሁት። ዋርሳዬ ከታች ሆና አየችኝ።

«ኑ እዩ! ሩዙን ከወባ ልታድነው ነው!» ብላ ጮኸች። ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ስቁ!» አልኩ። «ጥርሳችሁ ለሌላ አይጠቅምም።»

ቆርቆሮዬን ጣልኩት። ዳር ዳሩን ለወፉ ተውኩለት። ወፉም በላ፣ እነሱም በርሜላቸውን አስቀምጠው አረፉ። እኔ በአጎበሩ ዙሪያ እየዞርኩ ቀዳዳ እሰፋለሁ፣ የገባውን ወፍ በእጄ እይዛለሁ። ልጆቼና እኔን ትንኝ በላን። የዳሩ ሩዝ ሲያልቅ እያየሁ ማልቀስ አማረኝ፤ ታች የሚያዩኝ ስላሉ አላለቀስኩም።

አንድ ጠዋት አጎበሩን ገልጬ ፍሬ ነከስኩ። ቀጭ አለ።

አጭጄ፣ ወቅቼ፣ አበጥሬ አማቴ ቤት ወሰድኩት። ዋርሳዬም ነበረች። አማቴ እፍኝ ዘግነው በመዳፋቸው አገላበጡት፣ አንዷን ፍሬ በቀረቻቸው መንጋጋ ሰበሯት።

«ዘር ነው» አሉ።

«ይሄ ዘር ነው? ይሄ እኮ ለዶሮ ቁርስ አይሆንም!» አለች።

«ዘር ነው አልኩ። መሬቱ የእሷ ነው። በቃ።»

ዋርሳዬ በሩን እስኪነቃነቅ ዘግታው ወጣች።

የዚያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። የሜዳው በቆሎ ጢም እንዳወጣ ደረቀ፣ ማሽላውም ባዶ ቆመ። የፈሩት ወፍ ሳይበላባቸው ፀሐይ በላባቸው። የዘር ወቅት ሲቃረብ ጡሩምባ ደጄ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አልሰማ አለኝ።

«ምን?» አልኩት።

«ከዚያ... ከሩዙ ትንሽ ብናገኝ ብለን ነው።»

ልቤ አፈር ብሉ በያቸው አለኝ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ያን ደመና አሰብኩት። ከርሞም እኔ ብቻ ብዘራ፣ ከርሞም እኔው ብቻ ቀድሜ ልደርስ ነው፤ ወፉም ከርሞ አድራሻዬን አይረሳም። አጎበርም አልቋል፣ የክት ቀሚሴም አልቋል።

«ጥራቸው» አልኩት።

መጡ። ለእያንዳንዱ በጣሳ ሰፈርኩ። የራሴን ድርሻ አጎደልኩ።

«ስለምወዳችሁ እንዳይመስላችሁ» አልኳቸው። «ወፉን እንድትካፈሉኝ ነው። እኔ በምዘራበት ሳምንት ትዘራላችሁ። ያዘገየ ሰው ካለ፣ ቆርቆሮዬን ይዤ እሱ ቤት ደጃፍ ነው የማድረው።»

ዋርሳዬ አልመጣችም። የእሷ ማሳ የእኔን ግርጌ ተዋስኖ ነው ያለው፤ እሷ ካልዘራች አጥሬ ክፍት ነው። ጣሳዋን ይዤ ሄድኩ።

«ከእጅሽ አልቀበልም!» አለች በመስኮት።

«ማን ተቀበይ አለሽ?» ብዬ ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።

«አንሺው ከደጄ! ለዶሮ ነው የምበትነው!»

«በትኚው! ዶሮዎችሽም ካንቺ የተሻለ ያውቁበታል!»

በምዘራበት ሳምንት ከዳገቱ ላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አጎንብሳ ትዘራለች። አንድ ላይ አጉራ ነው የምትጥለው። ዝም ልበል ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።

«አሳሺው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «እርስ በርሱ ይተናነቃል!»

«አያገባሽም!» አለች ቀና ሳትል።

ትንሽ ቆይታ ግን አሳሳችው።