ሳይመጣ የተከሰሰው ዘይቱን

፩

«ዘይቱንም?» ሲል ጠየቀ ገዛኸኝ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

፪

ከመሃል ስለጀመርኩ አትቀየሙኝ። ጥያቄው ራሱ ስድስት ዓመት ሲንከባለል የመጣ ነው።

ገዛኸኝ ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ የሻረግ ሚልኪያስን ያረገዘች ጊዜ ዘይቱን አማራት። «እሺ» ብሎ ወጣ፤ የሰርግ ልብስ ሲያስረክብ መሽቶበት ባዶ እጁን ተመለሰ። ሚልኪያስ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። አይናገርም። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ ግን ደስታው ከፊቱ ይነበባል።

፫

ችሎት

ከሳሽ፦ የገዛኸኝ እናት፣ እማማ ጥሩነሽ።

ተከሳሽ፦ ዘይቱን፣ ከነአባወራው።

ማስረጃ፦ «አምሮቷን የተነፈገች እርጉዝ፣ ልጇ ላይ ይወጣል።»

ፍርድ፦ በየበዓሉና በየልቅሶ ቤቱ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይነበባል።

ይግባኝ፦



ገዛኸኝ ይግባኝ አላለም። አምኖበታል። ገበያ ላይ ዘይቱን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

፬

አዲስ አበባ፣ የሐኪሟ ክፍል

ሐኪም፦ ልብስ ሰፊ ነዎት አይደል? ጨርቁን ሳይቀይሩ በጠመኔ ያሰምሩበታል። ሰውነትም ከእናት ከአባት በወረሰው ጂን ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ይህኛው ይሥራ፣ ያኛው ይረፍ እያለ። ይህን የሚያጠናው ትምህርት ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። ኦቲዝም ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ምልክቱ ለየት ብሎ ታይቷል።

ገዛኸኝ፦ ማን ነው ያሰመረው?

ሐኪም፦ ገና እየተጠና ነው። የተወረሰው አለ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚያጋጥም ነገርም ሊኖርበት ይችላል። አንድን ልጅ ይዞ «ምክንያቱ ይህ ነው» ማለት ግን አይቻልም።

ገዛኸኝ፦ ዘይቱንም?

ሐኪም፦ ቅድም የነገሩኝ ዘይቱን የለበትም። እናንተም ጥፋተኞች አይደላችሁም።

፭

ቀለለው እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ።

አልቀለለውም።

ስድስት ዓመት የተሸከመውን አውርድ ሲሉት ማስቀመጫው ጠፋው። ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር እንኳ አልቀረለትም፤ ከፋው።

፮

ኮሪደር። አግዳሚ ወንበር። ሚልኪያስ በመካከላቸው ተቀምጦ የግድግዳውን ቧንቧ ያዳምጣል።

የሻረግ፦ በልቼዋለሁ።

ገዛኸኝ፦ ምኑን?

የሻረግ፦ ዘይቱኑን። በማግስቱ እትዬ ዘነቡ ከጎረቤት አመጡልኝ። እስክጠግብ ነው የበላሁት።

ገዛኸኝ፦



የሻረግ፦ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ መሰለህ። ግን ዘይቱኑ ነጻ ሲወጣ እናትህ ዝም ሊሉ ነው? ከእኔ ዘር ሊያደርጉት ነው። ፈራሁ።

፯

እዚህ ላይ ገዛኸኝን ማስቆጣት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ተቆጥቷል። ስድስት ዓመት ቀልድ አይደለም። ተነስቶ እስከ መስኮቱ ሄደ።

ከዚያ ዞር ብሎ አያት። እሱ በእናቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ፣ እሷ ከጎኑ ሆና የመከሰስ ተራዋን ስትጠብቅ መኖሯ ገባው። አሳዘነችው። ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ።

፰

ስልኩ ጠራ። እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ ድምፃቸው ለሁሉም ይሰማል።

እማማ ጥሩነሽ፦ ምን አሉህ ልጄ?

ገዛኸኝ፦ በዘይቱኑ አይደለም አሉ፣ እማዬ።

እማማ ጥሩነሽ፦ እና በማን ነው?

የሻረግ የልጇን ጫማ ማሰሯን አቆመች።

ገዛኸኝ፦