ዓመት ለደገመ ተማሪ

ልጄ የሰው ጥርስ ትሠራ ነበር። ሐኪም አልነበረችም። ሐኪሞቹ የታካሚውን ድድ ቅርጽ በጀሶ አውጥተው ይልኩላታል፤ እሷ ጥርሱን በሰም ቀርጻ፣ ቀለሙን በአፍ ውስጥ ከቀሩት ጋር አመሳስላ ትጨርስላቸዋለች። ሰፈራችን ውስጥ «ጥርሴ» ነበር የምትባለው። ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር እሷ የሠራችላቸውን ጥርስ አድርገው ሲስቁ፣ «አፉ የእርስዎ ነው፣ ሳቁ ግን የእኔ ነው» ትላቸው ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ በሦስት ሳምንት ሕመም ሞተችብን። ስለ ሕመሙ አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

እኔ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። አርባ ዓመት በብሩሽ ኖሬያለሁ። አሁን ሁሉም ነገር በማሽን ይታተማል፤ የእጅ ጽሑፍ የሚወዱ ጥቂት ደንበኞች ግን አልጠፉም። ሰሌዳ ላይ ስህተት መደበቂያ የለውም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ስህተት የሚባል ነገር ደመኛዬ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

የሚያጽናናን ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ከሚስቴ ጋር ተማከርን። ልጃችን በተማረችበት የሙያ ኮሌጅ በስሟ የትምህርት ዕድል እናቋቁም፣ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይማርበት አልን። የሥራ ባልደረቦቿም ሳንጠይቃቸው አዋጡ። እኔ በልቤ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፦ በምረቃ ቀን፣ በዚያ ትልቅ አዳራሽ፣ ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ መስማት። የሞተ ሰው ስም ከአፍ ይሸሻል። እኔና ሚስቴ እንኳ ቤታችን ውስጥ ስሟን ትተን «እሷ» ማለት ጀምረን ነበር።

በኮሌጁ ዲን ቢሮ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ዲኑ፣ እኔ፣ ሚስቴ፣ እና የልጄ አለቃ የነበረችው የጥርስ ላቦራቶሪው ኃላፊ። አለቃዋ ሳቋ ከሷ ቀድሞ ክፍል የሚገባ፣ ከጥፍሯ ሥር የጀሶ ዱቄት የማይጠፋ ሴት ናት። እኔ መስፈርቱን በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ ጽሕፈት አዘጋጅቼ ነበርና ቆሜ አነበብኩ፦ «ሟች ከክፍሏ አንደኛ እንደነበረች ሁሉ፣ ይህ ዕድል የሚሰጠው ከክፍሉ አንደኛ ለወጣ፣ አንድም ቀን ወድቆ ለማያውቅ ተማሪ ነው።»

ዲኑ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። አለቃዋ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ወንፊቱ በጣም ደቀቀ። በዚህ እኮ እሷ ራሷም አታልፍም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሁለተኛ ዓመትን ደግማ የለ እንዴ?»

ሚስቴ የቦርሳዋን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመረች። አለቃዋ እኔን አየች፣ ሚስቴን አየች፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! የሚያውቁ መስሎኝ ነው ጋሼ። አፌን በቆረጠው!»

«ሌላ ተማሪ ይሆናል» አልኩ። ዲኑ የረዳኝ መስሎት ጸሐፊዋን ጠርቶ የልጄን መዝገብ አስመጣና ፊቴ ዘረጋው። የልጄ ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ ደግሞ «ደጋሚ» ይላል። ጽሕፈቱ የማንም ይሁን የማን፣ ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ለዛሬ ይብቃን አልኳቸው።

ቤት ገብተን፣ ሚስቴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠየቅኳት።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ።»

«እኔ እኮ ‹ለተጨማሪ ሥልጠና ተመርጣ ነው አንድ ዓመት የጨመሩላት› ብዬ ለስንቱ ደንበኛ አውርቻለሁ!»

«እሱ ነው ጭራሽ ያስፈራት። ‹እማዬ፣ አባዬ አውርቶ አውርቶ አጥር ሠራብኝ፤ በየት በኩል ልውጣ?› አለችኝ።»

«አንቺስ? አንቺ ምን አፍሽን ያዘው?»

«ስንት ጊዜ ልነግርህ ተነሳሁ። ያን ሰሞን የአንድ ሆቴልን ሰሌዳ ለአንዲት ፊደል ብለህ ሙሉውን ፍቀህ እንደ አዲስ የጻፍክበት ነበር። ማታ ገበታ ላይ ‹ስህተት ያለበት ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም› አልክ። እሷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እኔም ዝም አልኩ።»

ማለቴን አስታውሳለሁ። ማንኪያዋን ማስቀመጧን አላየሁም።

ተኝቼም ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በምረቃዋ ቀን፣ አብረዋት ኮሌጅ የገቡት ሁለቱ ጓደኞቿ ከተመራቂዎቹ ጋር አልነበሩም፤ አበባ ይዘው ከእኛ ከእንግዶቹ ጋር ነበር የተቀመጡት። እኔ ሞኙ ዞር ብዬ «እናንተስ ሰነፎቹ፣ ለተጨማሪው ሥልጠና ሳትመረጡ ቀራችሁ?» አልኳቸው። ተያይተው ሳቃቸውን ዋጡ። እነሱማ ሳይወድቁ ከእሷ አንድ ዓመት ቀድመው ተመርቀው ሥራ ይዘው ነበር። ልጄን ላለማጋለጥ ስድቤን ተቀብለው ዝም አሉ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ በየመብራቱ ሥር የተደረደሩ አፍ የሌላቸው መንጋጋዎች፣ የሚቀልጥ ሰም ሽታ። የልጄ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ መቀመጥም አለበት። አለቃዋ እጇን ታጥባ መጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ያኔ ኮሌጁ ውስጥ አስተምር ነበር። የጣልኳት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«የቀኝ መንጋጋ ቅረጪ ስላት የግራ ትቀርጻለች። አንዴ ቢሆን ባለፍኳት። ሁሌ ነው። ጣልኳት። በዓመቱ ተመልሳ መጥታ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይህን ቤት ስከፍት መጀመሪያ የቀጠርኩት እሷን ነው።»

«አንደኛ የወጣውን ትተሽ?»

«አንደኛ የወጣው ሥራ ሲመለስበት ያኮርፋል። እሷ ሲመለስባት ‹የቱ ጋ ነው የሚያማቸው?› ብላ ትጠይቃለች። ጥርስ ደግሞ መመለሱ አይቀርም። የሰው አፍ እንደ ሰሌዳ አንድ ቦታ ተሰቅሎ አይቀመጥም።»

«እኔን መንካትሽ ነው?»

«ትንሽ ነው የነካሁዎት» አለች፤ ሁለታችንም ፈገግ አልን።

ወደ ዲኑ ስመለስ ወረቀቴ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ዕድሉ ዓመት ለደገመ ተማሪ ይሰጣል።

«ጋሼ፣ ሰነፍ ሸለሙ እንባላለን እኮ! ተማሪው ሁሉ አውቆ ቢወድቅስ?»

«እስቲ አንተ በመውደቅ የሚሽቀዳደም ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አገጩን እያሻሸ ትንሽ አሰበና ፈረመ። ማስታወቂያው ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከረመ። አንድ ሰው ብቻ አመለከተ። ደጋሚዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ማስታወቂያው ፊት ቆሞ መታየት ግን ማንም አልፈለገም። የልጁን ማመልከቻ አንብበን፣ አስተማሪዎቹን ጠይቀን፣ ይገባዋል አልን።

ምረቃው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ይኸው ልጅ ሱቄ መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ቁመቱ የሱቁ በር ላይ ዝቅ ብሎ እንዲገባ የሚያስገድደው ነው። ቀለም እያማሰልኩ ነበር። ቁጭ በል ብለው እንቢ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«ምኑ?»

«ዕድሉ። የምረቃው ቀን መድረክ ላይ ትጠራለህ አሉኝ። እናቴ እዚያ አለች፤ የእህቷ ልጅ ይመረቃል። እሷ ሦስተኛ ዓመት የደረስኩ ነው የሚመስላት። ለሰፈሩም እንደዚያው ብላ ጨርሳለች።»

«እና ንገራታ!»

«እነግራታለሁ። በማይክሮፎን ግን አይሆንም።»

ማማሰያውን አስቀመጥኩ። የዲኑ ቢሮ ትዝ አለኝ፤ የተዘረጋው መዝገብ፣ የሚስቴ ዚፕ። የራስን ልጅ ነገር በሰው ፊት መስማት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ወሬው ትልቅ ሆኖ አይደለም። ፊትህን የት እንደምታደርገው ነው የሚጠፋህ።

«ሂድ፣ ትምህርትህን ቀጥል» አልኩት። «ዲኑን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም። መፍትሔ ፈለገ።

«ለልጁ በጓሮ በር እንስጠው፤ ችግር የለም። ታዲያ ስም መጥራቱ ይቀራላ።»

«የእሷን ስም ብቻ ብትጠሩስ?»

«ተሸላሚ ሳይወጣ? ማስታወቂያው ወር ሙሉ ተለጥፎ ነበር። ሕዝቡ ‹ማነው ደጋሚው?› ብሎ ፍለጋ ይጀምራል፤ ያመለከተው አንድ ነው፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያገኙታል።» ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ካልሆነ ለዘንድሮ ብቻ ለአንደኛው እንስጥ። እሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ የልጅዎ ስምም በደንብ ይጠራል። ደጋሚውን ለከርሞ እናስበዋለን።»

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ስሟን በዚያ ድምፅ ማጉያ ሲጠሩት፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ሁሉም በጆሮዬ መጣ። ወራት ሙሉ የኖርኩት ያንን እየጠበቅኩ ነው። ደግሞም ማን ይወቅሰኛል? ግን አንደኛው ወጥቶ ሲሸለም ያ አዳራሽ የሚሰማው የኔን የድሮ ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ያለችውን ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ የሠራኋት፤ የወለድኳት ሌላ ናት።

«ስሟ አይጠራ» አልኩ።

ድምፄ ዝቅ ብሎ ኖሯል። «ምን አሉኝ ጋሼ?» አለኝ። ሁለተኛ ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

«ለልጁ ስጡት። ስሟ አይጠራ።»

የምረቃው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሚስቴ ሳትጠይቀኝ ቁርስ አቀረበችና አጠገቤ ተቀመጠች። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከታች አንድ ሰው መኪና እያጠበ ይዘፍናል። አራት ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን አየሁ።

«አሁን ጀምረዋል» አልኩ።

«ጀምረዋል» አለች።

«ከፋሽ?»

«ከፋኝ። ለአንደኛው አሰጥተህ ብትሄድ ደግሞ የበለጠ ይከፋኝ ነበር።»

በዚያ ቤት ውስጥ ለአንድ ዓመት ከእኔ የተደበቀ ኑሮ እንደነበረ፣ ያንን ኑሮ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ እንደቀረች፣ እሷም እፊቴ ዳቦ እየቆረሰች እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«እስቲ ያን ዓመት ንገሪኝ።»

«የቱን?»

«የደገመችበትን።»

ቆየት ብላ አየችኝ። የምቆጣ እንደሆነ እየመረመረች ነበር። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች።

«የወደቀችባቸውን ትምህርቶች ብቻ ስለሆነ የምትወስደው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ክፍል አልነበራትም። አንተ እንዳትጠረጥር ግን ነጭ ካፖርቷን ይዛ ትወጣለች።»

«የት ትውል ነበር?»

«ከሱቅህ ፊት ለፊት፣ ከጫማ ቤቱ በላይ ፎቅ ላይ። ጓደኛዋ እዚያ ልብስ ትሰፋ አልነበር? መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላ ሰም ስትቀርጽ ትውላለች። አንተንም ታይሃለች።»

«እኔን? ምን ስሠራ?»

«ስትሳሳት።»

«እኔ?»

«አንተ! አንድ ቀን ሆዷን ይዛ እየሳቀች ገባች። መሰላል ላይ ሆነህ የአንዲት ፊደል እግር ረስተህ፣ ቀኝ አይተህ፣ ግራ አይተህ፣ ሰው የለም ስትል በአውራ ጣትህ ጠርገህ ጻፍካት አለች። ከዚያ ወርደህ ምንም እንዳልተፈጠረ እያፏጨህ ብሩሽህን አጠብክ።» ሚስቴ ተነስታ አሳየችኝ፤ አንገቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ አውራ ጣቷ፣ ከዚያ ፉጨቱ። ፉጨት ስለማትችል አየር ብቻ ወጣ።

«እሱ እንኳ አንዴ ነው» አልኩ።

«አንዴ? ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ነው እንጂ! ‹እማዬ፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ ነው› እያለች ነበር የምትገባው። ስትተኛ ራሱ ትስቅ ነበር።»

የት እንደማደርገው የጠፋኝን ፊቴን በእጆቼ ይዤ ሳቅኩ። ሚስቴም ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ የልጃችንን ስም ጠራች፣ እንዲሁ፣ ወሬዋን ለመቀጠል ያህል።

«ቀጥዪ» አልኳት። ገና ከዓመቱ ሁለተኛ ወር ላይ ነበርን።