ያልተጠየቀው ቆዳ

በስልጠናው አምስተኛ ቀን ጠዋት አሰልጣኙ ዋልልኝ ከጉና ሥር አንድ ባልና ሚስት አምጥቶ፣ አዳራሹ ፊት ባሉ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ አስቀመጣቸውና «ተለማመዱባቸው» አለ። ቃሉ ይኸው ነው። ሰው ላይ እንዲህ አይባልም ብሎ የተቆጣ ከሠላሳ አንዱ ሰልጣኝ አንድም አልተገኘም። የምስራችም አልተቆጣችም፤ እስክሪብቶዋን አወጣች።

ስልጠናው የሚፋቱ ባልና ሚስትን ለሚያማክሩ የገንዘብ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ያላቸውን መዝግቦ፣ የሸሸጉትን ፈልጎ፣ ድርሻቸውን ለይቶ፣ ከፍቺ በኋላ እያንዳንዳቸው በምን እንደሚኖሩ ዕቅድ ማውጣት አዲስ ሙያ ሆኗል ተብሎ፣ ከባሕር ዳር የመጣ አንድ የግል ድርጅት ደብረ ታቦር ላይ የሆቴል አዳራሽ ተከራይቷል። ብድርና ቁጠባ የሚሠሩ፣ ሒሳብ ተምረው ሥራ ያጡ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሁሉ ተሰብስበዋል። ድርጅቱ እዚሁ ከተማ ቢሮ ሊከፍት ነው፤ የሚቀጥረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በዛሬው የተግባር ፈተና አንደኛ የሚወጣውን።

ይቺ አንድ ቦታ ለየምስራች የሞት ሽረት ጉዳይ ነበረች። ስድስት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ብር ሐሙሲት ላይ ቤት ሆኖ ጠብቋት ነበር፤ ቤቱ ግን በባሏ ወንድም ስም። ሲፋቱ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው «በስማችሁ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፣ በስማቸው ያለውን አካፈሉ፣ መርቀው ተነሡ። የደረሳት አንድ አልጋና ሁለት ወንበር ነው። ያ ቤት በማን ብር ተሠራ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በማታ ሒሳብ ተማረች፤ ከተመረቀችም ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትታ እህቷ ቤት ተቀመጠች። የእህቷ ባል መሶብ በተከፈተ ቁጥር የምታነሣውን እንጀራ በዓይኑ ይቆጥርባታል። ሥራውን ካገኘች ቤት ተከራይታ ትወጣለች፤ ካጣችው ደግሞ ተመልሳ ዓረብ አገር ነው።

«የእውነት የሚፋቱትን ባመጣ እዚሁ ፊታችሁ ይፈነካከታሉ» አለ ዋልልኝ፤ በራሱ ቀልድ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነው። «እነዚህ ግን ቆራቢዎች ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ምንም ብትሏቸው አይፈቱም፤ እንደልባችሁ ጠይቁ!»

ሰዉ ሳቀ። ባልየው አያ ይሻውም አብረው ሳቁ፤ ስድሳን የዘለሉ፣ ለዕለቱ ጋቢያቸውን አሳጥበው የመጡ ረጅም ገበሬ ናቸው። ሚስትየዋ እማ ውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከሁሉም የባሰ ሳቁ። ልጅ የላቸውም። የመጡት ለቀኑ አበል ነው፤ ጣሪያቸው እያፈሰሰ አስቸግሯቸው በአበሉ ቆርቆሮ ሊገዙ አስበዋል።

በጽሑፍ ፈተናው መልካሙና የምስራች ከሌላው ሁሉ ስለበለጡ፣ ባልና ሚስቱን የሚጠይቁት ሁለቱ ብቻ ሆኑ። ለእያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ ተሰጣቸው፣ የሚታረመውም ከመቶ ነው። መልካሙ ቀድሞ ገባ። ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አፉ የጣፈጠ። አራት ጥማድ መሬት፣ ላም ከነጥጃዋ፣ አንድ በሬ፣ ስድስት በግ፣ ቤትና የጓሮ ባሕር ዛፍ ብሎ ሰሌዳው ላይ አሳምሮ ዘረዘረ።

«እሺ እናቴ፣ ከዚህ ሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት የቱን ነው?» አላቸው በመጨረሻ።

«ሰውየውን» አሉ እማ ውዴ። «ሰውየውን ስጡኝና የቀረውን ሁሉ እሱ ይውሰደው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አያ ይሻው አቀርቅረው በከዘራቸው ምንጣፉን ይቆረቁሩ ጀመር፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ ነበር። የምስራች አልሳቀችም። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ መልካሙ በሳቅ መሐል ነጥብ እየሰበሰበባት ነው።

ተራዋ ሲደርስ ስለ ቤቱም ስለ በጎቹም አልጠየቀችም። የገበሬ ልጅ ናት፤ መልካሙ ያላየውን አይታለች።

«አያ ይሻው፣ አራት ጥማድ መሬት በአንድ በሬ እንዴት ይታረሳል?»

«መቀናጆ ነው ልጄ። ጎረቤቴም ያለው አንድ ነው። የሱንና የኔን እናጣምድና አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለኔ እናርሳለን።»

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ ድሮስ ጥንድ ነበረን።»

«ሁለተኛው በሬ የት ሄደ?»

«ገደል ገባብን» አሉ እማ ውዴ ፈጠን ብለው።

የተጠየቁት እሳቸው አልነበሩም። ዋልልኝ ከኋላ ወንበር ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ጥያቄው እንደጣመው ያስታውቅ ነበር። የምስራች ሞቅ አላት። መቼ እንደሆነ ጠየቀች፤ አራት ዓመቱ ነው፣ ክረምት ላይ ነው ተባለች። ዋጋው ስንት ይሆን እንደነበር ጠየቀች፤ ገመተችም። ምን እንደሆነ ባታውቀውም፣ የእነዚህ ሰዎች ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንደተቀበረ ታውቋታል። ያን ጊዜ ዋልልኝ ሰዓቱን አየና «አልቋል፣ ይበቃል» አለ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች የምስራች፤ ፈቃዱንም አልጠበቀች። «አያ ይሻው፣ የበሬው ቆዳ የት አለ?»

በሬ ገደል ገብቶ ቢሞት ቆዳው ገደል አይቀርም። ይገፈፋል፣ ይለፋል፤ የቀንበር ማሰሪያ ምራን ይሆናል፣ የአልጋ ጠፍር ይሆናል፣ ቁርበት ሆኖ ይተኛበታል። ይህን ከተማ ያደገው ዋልልኝ አያውቅም፣ የባንክ ቤቱ ልጅም አያውቅም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄው የት እንደሚያደርስ የገባቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የምስራችና ሁለቱ ባልና ሚስት።

እማ ውዴ ቀና ብለው አዩዋት። ራሳቸውን በጣም በዝግታ፣ ለሷ ብቻ በሚታይ ሁኔታ ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ተይ ማለታቸው ነው። አልገባትም ነበር ቢባል ውሸት ነው፤ ገብቷታል። ግን መልካሙ ሲያስቅ ታይቷታል፣ የእህቷ ባል ዓይን ታይቷታል፣ ሐሙሲት ላይ ያለው ቤት ታይቷታል። ስልጠናው ሙሉ ዋልልኝ ሲደጋግምላቸው የሰነበተውን አደረገች፦ «ጠይቃችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታውን ባለጉዳዩ ይሙላው።» ዝም አለች።

«ቆዳውን… ሸጥኩት» አሉ አያ ይሻው።

«የት?»

«እብናት።»

«ደብረ ታቦር ገበያ አፍንጫዎ ሥር እያለ እስከ እብናት ድረስ ቆዳ ተሸክመው ሄዱ?»

ደግማ ዝም አለች። ሽማግሌው መዋሸት አልለመዱም፤ አንድ ውሸት ብቻ ነበረቻቸው፣ እሷም አለቀች። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ከዘራቸው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ፣ የሚያነሣው ሰውም አልነበረም።

«ልጁ እንዲያርስበት ነው» አሉ።

«የማን ልጅ?»

«የኔ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ እብናት ናት።»

አንዱ ከኋላ በፉጨት አጀባት። ከዚያ ጭብጨባው ጀመረ፤ ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ያልተነሣ እንኳ ለመነሣት ወንበሩን ገፋ። ዋልልኝ ወደ ሰሌዳው ሮጦ «የተሸሸገ ንብረት፦ አንድ በሬ» ብሎ በቀይ ጻፈ። «አያችሁ? ሙያ ማለት ይኼ ነው!» አለ። ወደ የምስራችም ዞሮ፣ «ልጁንም አትርሺው፤ ቀለብ ይጠይቃል። ከዕዳው በኩል አስገቢው።»

የምስራችም ጻፈች፦ ዕዳ፣ አንድ ልጅ።

እማ ውዴ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ አበል ከምትከፍለው ልጅ ዘንድ ሄደው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፣ ብሩን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩ። አያ ይሻው ግን አበላቸውንም ሳይቀበሉ በሌላው በር ወጥተዋል። አንድ ላይ ከጉና ሥር ወርደው የመጡ ሰዎች ለየብቻ ተመለሱ። ወሬው ከሁለቱም ቀድሞ አገራቸው ገባ፤ ከሰልጣኞቹ መሐል የዚያው ሰፈር ሰው ነበረ፣ ስልኩን ከኪሱ ለማውጣት ደጅ እስኪደርስም አልታገሠም።

ሥራውን የምስራች አገኘችው። ከእህቷ ቤት ወጣች፣ አንድ ክፍል ተከራየች፣ የመጀመሪያውን ምሳዋን ማንም ሳይቆጥርባት በላች። ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋን መካድ አይቻልም። ዋልልኝም በየከተማው በሚሰጠው ስልጠና «የቆዳው ጥያቄ» እያለ የሷን ታሪክ ማስተማር ጀምሯል።

ቢሮው በተከፈተ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ እማ ውዴ ብቻቸውን መጡ። የምስራች ብድግ ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ከስተዋል። የሚጠጣ ላምጣ ብትላቸው በእጃቸው ከለከሏት።

«በይ የጀመርሽውን ጨርሺው» አሉ። «መዝገቡ ካንቺ ዘንድ ነው አሉኝ።»

«እናቴ፣ አያ ይሻውስ?»

«እብናት ገባ።» ድምፃቸው የገበያ ዋጋ የሚነግሩ ያህል ደረቅ ነበር። «ያን ቀን ማታ እራት ባቀርብለት እጁን አልሰድ አለ። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እኔ ምንም አላልኩት። ወንድሞቼ ደግሞ ሰምተው መጡ፣ ቆራቢ ሆነህ እንዴት አሉት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አቀርቅሮ ሰነበተና አንድ ቀን ሌሊት ሄደ። ምን ያድርግ? እዚያ እንኳ የሚያፍረው ሰው የለም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማያውቁ መስሎኝ…»

«ማን አላወቀም?» አሉ እማ ውዴ። «ልጁ ገና ጡት ሳይጥል አውቄያለሁ። እሱ ለንስሐ አባታችን ተናግሯል፣ ንስሐውን ፈጽሟል። ለኔ መንገር አቃተው፤ እኔም እንዲነግረኝ አላስቸገርኩትም። በሬውን ገደል ገባ ሲለኝ፣ እሰይ፣ ልጁ ለማረስ ደረሰ ማለት ነው አልኩ በሆዴ። አራት ዓመት ሙሉ ቆዳውን አልጠየቅሁትም። ያቺን ጥያቄ እኔ አጥቻት ነው? የበሬ ቆዳ የት እንደሚደርስ እኔ ሳላውቅ አንቺ አወቅሽልኝ?»

የምስራች ስለ ኩዌት ነገረቻቸው፣ ስለ ሐሙሲቱ ቤት ነገረቻቸው፤ አንድ ሰው ጠይቆልኝ ቢሆን ኖሮ ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያለቀሰችው ይቅር እንዲሏት ነው። እማ ውዴ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«አንቺንስ አልጠየቁልሽም፣ ግፍ ነው። እኔ ግን ጠይቂልኝ ብዬሽ ነበር? ተይ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«አይተሽኛል?»

«አይቻለሁ።»

ደጅ ባጃጅ ጥሩንባውን እያስጮኸ አለፈ። እማ ውዴ ቢሮውን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ጠረጴዛውን፣ አዲሱን መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት።

«ስንት ሰጡሽ ያን ቀን?»

«ዘጠና አምስት።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

«አምስቷን ምን አጥፍተሽ ቀነሱብሽ?»

የምስራች መዋሸት ትችል ነበር። የማረሚያ ወረቀቱን ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ አግኝታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን ቆልፋ ቁልፉን ከቦርሳዋ አልለየችውም። መልካሙ ሰማንያ ሁለት ነው ያገኘው። የሷን ነጥብ ዋልልኝ የሞላው ሰዓቱ ባለቀባት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጠየቀ አይታረምም፣ ያሳለፈችው ሰዓት ግን ያስቀንሳል።

«ሰዓት አሳልፌ ነው» አለች። «የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቅ ሰዓቱ አልቆ ነበር።»

«እና ጥያቄዋ ስንት አስገኘችልሽ?»

«ምንም።»

«ባትጠይቂያትስ ኖሮ?»

«መቶ» አለች የምስራች።

እማ ውዴ የምስክር ወረቀቱን ዳግመኛ አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

«በይ ጻፊ» አሉ። «አንድ ላም፣ ከነጥጃዋ።»