ያለ ይሉኝታ የታሰረ ቋጠሮ

ሰውዬው የግድብ ጠላቂ ነበር። ውኃ ውስጥ ገብቶ የዛገ በር ያላቅቃል፣ የተሰነጠቀ ግንብ ይጠግናል። አማቱ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት፣ ይህን ሥራ አንድም ቀን ወደውለት አያውቁም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄን ለዓሣ ዳርኳት» ይላሉ። እንግዳው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

አንድ ቅዳሜ አማቱ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ዋሻ ሊያዩ ሄዱ። ከአስጎብኚው ጋር ስድስት ነበሩ። እነሱ ውስጥ ሳሉ ተራራው ላይ ዶፍ ወረደ፤ ጅረቱ መንገዱን ስቶ ዋሻው ውስጥ ገባና ዝቅተኛውን መተላለፊያ እስከ ጣሪያው ሞላው። ሰዎቹ ከመተላለፊያው ማዶ ቀሩ። ፓምፕ ቢተከልም ከሚወጣው ውኃ የሚገባው በለጠ። ሌላ ዝናብ ደግሞ ጠቁሮ መጥቷል። በመጨረሻ ጠላቂው ከነባልደረባው ከግድቡ ተጠራ።

መኪና ውስጥ ሳለ ሚስቱ ደወለች።

«እማዬ እዚያ ውስጥ ናት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ውኃ እንዴት እንደምትፈራ ታውቃለህ። ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ዓይኗን አትጨፍንም።»

«እየሄድኩ ነው» አለ። ስልኩን ሁለቱም ቶሎ አልዘጉትም።

መተላለፊያው ውስጥ ምንም አይታይም ነበር። ውኃው ደፍርሶ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ጠላቂው ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ ከኋላው ገመድ እየዘረጋ፣ ባልደረባውን አስከትሎ ሄደ። ማዶ ብቅ ሲል ገና ጭንብሉን ሳያወልቅ ድምፅ ሰማ።

«ሰባት ሲባዛ በስምንት?»

«ሃምሳ ስድስት» አሉ የደከሙ ድምፆች።

አማቱ ነበሩ። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ጓደኞቻቸውን እጅብ አድርገው አስቀምጠው፣ ብርዱ እንዳያስተኛቸው የማባዛት ሠንጠረዥ ያስደግሟቸዋል። መብራቱ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ በመዳፋቸው ከለሉት።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

መዳፋቸውን አወረዱ። «ልጄ ታውቃለች?»

«እየመጣች ነው።»

ጠላቂው አወጣጡን አስረዳ። ፊት ሙሉ የሚሸፍን ጭንብል ያጠልቁላቸዋል፤ እሱና ባልደረባው አንድ አንድ ሰው እያቀፉ ያወጣሉ። የእነሱ ድርሻ መተንፈስና አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው። «ማን ይቅደም?» ሲል ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«እኔ መጨረሻ» አሉ አማቱ። «ክፍሉ ባዶ ሳይሆን አስተማሪ አይወጣም።»

አስጎብኚው «ኃላፊው እኮ እኔ ነኝ» ብሎ ሊከራከር ሞከረ፤ በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

ሰዎቹ በየተራ ወጡ። ጠላቂው በተመለሰ ቁጥር ውኃው ወደ ድንጋዩ ጫፍ ይበልጥ ተጠግቶ ያገኘዋል። ባልደረባው አስጎብኚውን ይዞ ሲጠልቅ አማትና አማች ብቻቸውን ቀሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

«እውነቱን ንገረኝ» አሉ አማቱ። «መሃል ላይ ብደነግጥስ?»

ሊያባብላቸው አሰበና ተወው። «ጭንብሉን ካወለቁት ውኃ ይገባል። አንገቴን ካነቁኝ ደግሞ ሁለታችንም አንወጣም።»

«ልጄ በአንድ ቀን ሁለታችንንም ታጣለች ማለት ነው።»

«አዎ።»

ውኃውን አዩት። ከዚያ ሻሻቸውን ፈተው ሰጡትና ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

«እሰረኝ።»

«እማማ! እንዴት ተደርጎ!»

«ጥርሴን ሊነቅል የመጣ ሐኪም በጥፊ ያጮልኩ ሴት ነኝ። እኔ ልጨክን እችላለሁ፤ እጄን ግን አላምነውም።»

ሻሹን ጠመጠመው። እየጠመጠመ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ መንገድ ላይ እኔ አንድ ነገር ብሆንስ? በዚያ ጨለማ እጃቸው ታስሮ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ይህን ሲያስብ ቋጠሮውን ላላ አደረገው። አማቱ አንጓቸውን አዟዙረው ሞከሩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ለይሉኝታ የታሰረ ነው። አጥብቀው።»

አጠበቀው።

መተላለፊያው መሃል ሲደርሱ አማቱ ድንገት ተወራጩ። የታሰረው እጃቸው ደረቱን እየደበደበ ወደ ጭንብሉ ሊወጣ ታገለ። ጠላቂው በአንድ እጁ ጨምቆ ያዛቸው፣ በሌላው ገመዱን ሳበ። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ከዚያ ጸጥ አሉ። ትግላቸው ካስፈራው ይልቅ ጸጥታቸው የባሰ አስፈራው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ ገመዱን እየሳበ ሄደ።

ብርሃን ላይ ሲወጡ አማቱ ማሳል ጀመሩ። ሚስቱ የቆሙትን ሰዎች ጥሳ ሮጠች፤ መጀመሪያ ያየችው እጃቸውን ነበር።

«ማነው ያሰራት?»

«እኔ።»

እናቲቱ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ መናገር አልቻሉም። ልጃቸው ቋጠሮውን ልትፈታ ታገለች፤ ውኃ ጠጥቶ ጠንክሯል። ነርሷ በመቀስ ቆረጠችው። አምቡላንሱ ውስጥ ገብታ በሩ እስኪዘጋ ሚስቱ ዞር ብላ አላየችውም።

በማግሥቱ ጠላቂው ሆስፒታል ሄደ። ሌሎቹ አምስቱ ደህና ሆነው ወደየቤታቸው ተሸኝተዋል። አማቱ ትራስ ተደግፈዋል፤ ሚስቱ ወንበር አቀረበችለት።

«ነግራኛለች» አለችው ዝግ ብላ። «ግን ለምን አንተ አልነገርከኝም? እሷ ናት እሰረኝ ያለችኝ ብትል ምን ነበረበት?»

ጠላቂው እጆቹን አየ። «እሰረኝ ማለቱንማ ብለዋል። ያጠበቅኩት ግን እኔ ነኝ። ላላ አድርጌ ስቋጥረው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳጠብቀው ቀጥ አለ። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

አማቱ የበለዘ አንጓቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

«ስታጠብቀው ቢንቀጠቀጥ ኖሮ» አሉ፣ «ውኃው ውስጥ አልከተልህም ነበር።»

ይህ ነገር ያጽናናው ወይስ ይክበደው ለራሱም አልለየለትም። ሚስቱ ሐኪሙ ስለ ሳንባቸው ያለውን ታወራ ጀመር። ወሬው ሳያልቅ ጠላቂው ወንበሩ ላይ እንዳለ አንገቱ ዘመመ።

ሚስቱ ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ እናቷ ያዟት።

«ተይው፣ ይተኛ» አሏት። «ድምፅሽንም ቀንሺ።»