ቆዳው ያለቀ ጎራዴ

የካዛንቺስ ሰው የእኔን የታዲዎስን ወሬ ሲሰማ ግማሹን ቀንሶ ነው። እትዬ ደብሪቱ ግን ሳይቀንሱ ሰሙኝ፤ ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

ለገሃር ያረፈ አንድ ጃፓናዊ ጎራዴ መወልወል ሦስት ወር አስተምሮኛል ብዬ ነበር። የወለወልኩት ጎራዴ ላይ ዝንብ አርፋ ለሁለት ተከፈለች፣ ሁለቱም ግማሾች በረሩ ብዬም ጨመርኩበት። በሳምንቱ እትዬ ደብሪቱ በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ብየዳ ቤቴ ከተፍ አሉ።

«አባቴ ከኮሪያ ሲመለስ ከጃፓን ያመጣው ነው። ያኔም አሮጌ ነበር። አዲሱ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ልሰቅለው ነው፤ እንደ መስታወት አድርግልኝ። ካንተ ሌላ ማን ያውቅበታል?»

ጎራዴው ደመና መስሏል፤ መሃሉ ሳስቶ ጠቋቁሯል። ቤታቸው ፈርሷል፤ ከአባታቸው የቀራቸው ይኸው ብቻ ነው። በቃ፣ አልችልም ማለት ነበረብኝ። ግራይንደሬን ሰካሁ።

እጀታው እንዳይበላሽ ላውልቀው ብዬ የቀርከሃ ችንካሯን መትቼ አወጣሁና ሳብኩት። ከእጀታው ስር ያለው ብረት ዝገት በዝገት ነው፤ የጃፓን ፊደል አለበት። ስገለብጠው ክው አልኩ። የእኛ ፊደል!

«ይህን የነቀልህ ሰው፣ አትሞርደው። እዚያው ጃፓን ባለሙያ አሳይቼው ቆዳው፣ የላዩ ጠንካራ ብረት፣ አልቋል፣ አንድ ጊዜ ከተነካ ያልቅለታል ብሎኛል። አምሳ አለቃ ረዳኢ።»

የእትዬ ደብሪቱ አባት! ሟቹ ገና ሳልወለድ ያወቁኝ መሰለኝ። በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁትን እትዬ ደብሪቱን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ጆሮዬን ያዙኝ።

«አንተ ቀጣፊ! በአባቴ ስም ትቀልዳለህ? አሁን ጭረኸው ነው!»

«ኧረ በማርያም እትዬ! ዝገቱ ፊደሉ ውስጥ ገብቷል እኮ! የስንት ዓመት ዝገት ነው!»

«ዝገትም ትቀባለህ አንተ። አምጣ! ላንቻ ወስጄ በአስር ደቂቃ አስወለውለዋለሁ።»

መጠቅለል ጀመሩ። የላንቻው ሰው ምንም ሳያይ ግራይንደሩን እንደሚያስጮኸው አውቃለሁ። ማለቴ፣ እኔም ላስጮኸው ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እኔ ጃፓናዊ የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። ማንም አላስተማረኝም። የማውቀው የመስኮት ብረት መበየድ ነው። ዋሽቻለሁ።»

እጃቸው ነጠላው ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ዋሽቻለሁ።»

«እስቲ ድገመው።»

«ዋሽቻለሁ አልኩዎት እኮ!»

ቀስ ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ። «ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነህ» አሉ። «ይህችን ቃል ካንተ አፍ ሰምቼ አላውቅም።»

ነጠላውን መልሰው ገለጡት። የአባታቸውን ስም በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

«እጀታውን መልስልኝ» አሉ።

ችንካሯን መትቼ መለስኩት። ደመናውን እንደለበሰ ሳሎናቸው ሊሰቅሉት ይዘውት ሄዱ።