ለሰአዳ ያላለቀሰች

«ጎበዝ ሠራተኛ አግኝታችኋል» አሉ ሪድዋና፣ እጃቸውን ሳፋው ላይ ዘርግተው። «ከመጣሁ ጀምሮ ስትቀመጥ አላየኋትም። ከየት አመጣችኋት?»

ሀኒ ከጆጉ ውሃ ማፍሰሷን አላቋረጠችም። ሪድዋና የሟቿ አክስት ናቸው፤ ከዲማ የደረሱት ዛሬ ጠዋት ስለሆነ አያውቋትም። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ይቀመጣል፤ የሚላላከው ጎረቤትና ሠራተኛ ነው። ሰአዳ ከተቀበረች ወዲህ ደግሞ የሀኒ እግር አላረፈም።

የሰአዳ እናት ከይሪያ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩ። ሀኒ ሳፋውን ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ማንጎው ሥር ጎረቤታቸው ዶርቃ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«ፊትሽ ደረቅ ነው» አለቻት። «እኔ እንኳ አለቀስኩ። ያውም ሰአዳ አንድ ቀን የጨርቅ ዋጋ ቀንሳልኝ አታውቅም!»

ሀኒ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ከጀመርኩ አላቆምም፣ ዶርቃ። ምኗ ነሽ ይሉኛል።»

«ጓደኛዋ ነኝ በያ።»

«ለጓደኛ የሚለቀሰው ትንሽ ነው።»

ዶርቃ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ሳሙናው ውስጥ ነከረችው።

በክረምቱ፣ ኒውላንድ ሰፈር ያለውን የሰአዳን የጨርቅ ሱቅ ዘግተው፣ ሁለቱ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ተካፍለው ተቀምጠው ነበር። ሰአዳን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረቻት ህንዳዊት አገሯ ተመልሳ በኢንተርኔት የንባብ ክበብ ከፍታለች። አባላቱ ከህንድ፣ ከፓኪስታንና ከስሪላንካ የሆኑ፣ ሴት ሆነው ሴት፣ ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ አንባቢዎች ናቸው። ከጋምቤላ የሚከታተሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ምስላቸውን አጥፍተው። የዚያን ቀን እንግዳዋ ሁሉም ያነበቡትን ልቦለድ የጻፈችው ደራሲ ነበረች። በመጽሐፉ አንዲት ሴት ፍቅረኛዋ ትሞትባታለች፤ ለቅሶው ላይ ግን ዓይኗ ሳይረጥብ ሻይ ስታዞር ትውላለች።

ሰአዳ፣ ሀኒ እጇን እየጎተተቻት፣ ድምፅዋን ከፈተች።

«ለምን አላስለቀስሻትም?»

«ካለቀሰች ይጠይቋታል። ምን ብላ እንደምትመልስ እኔም አላወቅሁም» አለች ደራሲዋ።

ሰአዳ ተናደደች። «መልሱን ሳያውቁ መጽሐፍ ይጻፋል? እኔ ብሆን ኒውላንድ እስኪሰማ ነበር የማለቅሰው!»

«አንቺማ ዝም ማለት መች ፈጠረብሽ» ብላ ስቃባት ነበር ሀኒ።

ሰአዳ ከዚያ ብዙም አልቆየችም። ወባ ያዛትና ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ወንዶቹ ተሸክመዋት ወደ መቃብር ሲሄዱ ሀኒ ከሴቶቹ ጋር ደጅ ቀረች።

ሀኒ ሳፋውንና ጆጉን ይዛ ከጓሮ ወደ ቤት ስትመለስ ከማታር የመጡ ሴቶች እየገቡ ነበር።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ እነዚህንም አስታጥቢ» አሉ ሪድዋና።

«ሠራተኛ አይደለችም» አሉ ከይሪያ።

«ታዲያ ምኗ ናት?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሀኒ ዞሩ። ጆጉ በእጇ ከበዳት። ከይሪያም አዩዋት፤ ልጃቸው ያልነገረቻቸውን ነገር ሁሉ ፊቷ ላይ የሚያነቡ ይመስል ቆዩ።

«የሰአዳ ሰው ናት» አሉ በመጨረሻ። «ሐዘንተኛ እንዴት ያስታጥባል? ዶርቃ! ነይ ጆጉን ተቀበያት።» ከዚያ በፍራሹ ላይ ጠጋ አሉ። «ነይ ልጄ።»

ሀኒ ተቀመጠች። እንግዶቹ የሐዘንተኞቹን እጅ በተራ እየጨበጡ መጡ። የመጀመሪያዋ ከይሪያን ጨብጣ ወደ ሀኒ ዞረች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ።»

ሀኒ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዘረጋችላት።